ጊታሩ ገና ቃሉን አልሰጠም

አዲስ ኤሌክትሪክ ጊታር የገዛ ሰው በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ጊታሩን ከካርቶኑ አውጥቶ፣ ጃኩን ሰክቶ፣ አንድ ኮርድ እንደ መታ፣ «ይሄማ ነፍስ አለው!» ብሎ ለወዳጅ ዘመድ ይደውላል። ሁለተኛው በዚያው ኮርድ ፊቱ ይጠቁርና፣ «ተሸወድኩ፤ ሱቅ ውስጥ እንዲህ አልነበረም» እያለ ደረሰኙን ይፈልጋል። ሁለቱ አይስማሙም። አንዳንዴም ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው፤ ጠዋት አንደኛውን፣ ማታ ሁለተኛውን ሆኖ ያመሻል። የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ቢኖር ሁለቱም ባለጉዳዩን ሳይሰሙ ፈርደው መነሣታቸው ነው። የእኔ ክርክር አጭር ነው፦ በመጀመሪያው ቀን ጆሯችን የሚነግረን ስለ ክሩ፣ ስለ አምፕሊፋየሩ፣ ስለ ክፍሉ፣ ስለ አየሩና ከሁሉም በላይ ስለ ከፈልነው ብር ነው። ጊታሩ ራሱ ቃሉን የሚሰጠው ቆይቶ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ቀን ደስታ ይፈቀዳል፣ የመጀመሪያ ቀን ቅሬታም ይቅር ይባላል፤ የመጀመሪያ ቀን ፍርድ ግን ይግባኝ ሊባልበት ይገባል።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት መሣሪያው ድምፅ የሚሰጥበትን መንገድ መከተል ይበቃል። ክራር ሲመታ ክሩ ቆዳውን ያርገበግባል፣ ቆዳው አየሩን ያርገበግባል፤ ከክሩ እስከ ጆሮ ያለው መንገድ አጭር ስለሆነ ጥፋት ቢኖር ተጠያቂው ሩቅ አይሄድም። ኤሌክትሪክ ጊታር ግን ብቻውን ሲመታ ከጎረቤት ቀርቶ ከባለቤቱም ጆሮ በቅጡ አይደርስም። ድምፁ የሚጀምረው ከክሮቹ ሥር ከተቀመጠው ፒክአፕ ነው፤ ፒክአፕ ማለት በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ የከበበው ማግኔት ነው። የብረቱ ክር ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ያናውጣል፤ በሽቦው ውስጥም እጅግ ትንሽ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈጠራል። ያ ትንሽ ኃይል በጊታሩ መቆጣጠሪያዎች፣ በገመዱ፣ በአምፕሊፋየሩና በስፒከሩ አልፎ፣ ከክፍሉ ግድግዳ ጋር ተላትሞ ነው ጆሮ የሚደርሰው። ይህን ሁሉ አማላጅ ያለፈ ድምፅ ስንሰማ ግን የምናመሰግነውም የምንረግመውም አንዱን ብቻ ነው፤ ጭናችን ላይ የተቀመጠውንና ቀለሙ የሚያብረቀርቀውን። መብራት ሲጠፋ ነገሩ ይገለጣል። ዝነኛው ድምፅ በአንድ አፍታ ወደ እንጨትነቱ ይመለሳል፤ ጥፋቱን በትክክለኛው ቦታ የምናስቀምጠውም በዚያች ሰዓት ብቻ ነው።

ከክሩ እንጀምር። መካከለኛ ውፍረት ያላቸው ስድስት ክሮች ተወጥረው ሲቃኙ አንገቱን የሚጎትቱበት ኃይል በድምሩ ወደ 45 ኪሎ ይጠጋል፤ ግማሽ ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሸክም ማለት ነው። ቀጭን እንጨት ይህን ብቻውን ስለማይችለው በአንገቱ ውስጥ የሚጠብቅና የሚላላ የብረት ዘንግ ይገባለታል። ጊታሩ የተሠራው ኢንዶኔዥያ፣ ቻይና ወይም ሜክሲኮ ሊሆን ይችላል። ባሕር ተሻግሮ፣ መጋዘን ከርሞ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ወደምትገኘው አዲስ አበባ በበጋ ሲገባ ደረቁ አየር የእንጨቱን እርጥበት ይመጥጠዋል። እንጨቱ ሲኮማተር ፍሬት የሚባሉት፣ አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች ጫፍ ወጣ ወጣ ይልና እጅ ይቧጭራል፤ አንገቱም ትንሽ ይንቀሳቀስና ክሩ ወይ ከፍሬቱ ይርቃል፣ ወይ እየነካው ይንዛዛል። ክረምት ሲገባ ደግሞ እንጨቱ መልሶ ያብጣል። በዚህ ላይ አዲስ የተገጠመ ክር እስኪለጠጥ ድረስ ቅኝት አይጠብቅም፤ አሁን ቢቃኙት አንድ ዘፈን ሳያልቅ ይወርዳል። ከፋብሪካ ጋር የመጣው ክር ደግሞ በመንገድ ስንት ወር እንደፈጀ የሚያውቀው የለምና ደብዝዞ ሊደርስ ይችላል። ገዢው ይህን ሁሉ ትቶ ትዝታ ይጀምራል፤ በእኛ አገር ጊታር የሚፈተነው በትዝታ ነውና። ከአንገቱ ጫፍ አካባቢ ደህና የነበረው ዜማ እጁ ወደ አካሉ ሲጠጋ ይሰናከላል። በ12ኛው ፍሬት ላይ የተያዘ ክር ከክፍቱ ክር በትክክል አንድ ኦክታቭ ከፍ ማለት አለበት፤ ካላለ ክሩ የሚያርፍበት የድልድዩ መቀመጫ አልተስተካከለም ማለት ነው፤ መድኃኒቱም ጥቂት የካቻቢቴ ዙር ነው። ገዢው ግን በካቻቢቴ የሚድነውን ሕመም የዘር በሽታ ያደርገውና «ድሮም የዚህ ፋብሪካ ዕቃ…» ብሎ ይነሣል።

ቀጥሎ አምፕሊፋየሩ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1933 ሃርቪ ፍሌቸርና ዊልደን መንሰን የተባሉ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት የሰው ጆሮ ዝቅ ባለ ድምፅ ላይ ጎርናናውን ከመካከለኛው እኩል እንደማይሰማ አሳዩ፤ መጠኑ ሲጨምር ግን የጎደለው እየሞላ ይሄዳል። የሙዚቃ መሣሪያ ሻጭ ጥናቱን አላነበበም፤ ሥራውን ግን ያውቃል። ከጊታሩ ዋጋ በላይ በሚያወጣ ትልቅ አምፕሊፋየር ላይ ይሰካውና ድምፁን ከፍ ያደርገዋል፤ ደንበኛው ደረቱ ድረስ ሲንቀጠቀጥ ሒሳብ ለመክፈል ይቸኩላል። ያው ጊታር ማታ በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ፣ ከጎረቤት አልጋ ራስጌ በአንድ ግድግዳ ተለይቶ፣ በትንሽ አምፕሊፋየር በሹክሹክታ ሲመታ ቀጥኖ ቢሰማ ምን ይደንቃል? ጊታሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የጎረቤት መኖር ነው። ችግሩ በዚህ አያበቃም። አንዳንዱ አምፕሊፋየር በዘመድ ሻንጣ ከአሜሪካ ይመጣል፤ እዚያ የግድግዳው ኃይል 120 ቮልት፣ እዚህ 220 ቮልት ነው። ቮልት መምረጫ የሌለውን አምፕሊፋየር ያለ ትራንስፎርመር የሰካ ሰው የመጀመሪያ ስሜቱ ጭስ ይሆናል፤ ስለ ቃና ለመጨነቅ ጊዜ አያገኝም። ይህን ያለፈ ደግሞ የማያቋርጥ «ኡኡኡ» ይሰማና ጊታሩ የተበላሸ ይመስለዋል። እሱ የመብራቱ ድምፅ ነው፤ በቤታችን ሽቦ የሚመላለሰው 50 ኸርትዝ ኃይል ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ውስጥ ሳይጋበዝ ይገባል። ይህን ጩኸት ለማፈን የጊብሰን ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ሴት ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 ሁለት ጥቅሎችን አጣምሮ አንዱ የሌላውን ጩኸት እንዲያጠፋ አደረገ። አንዳንዱ ተጫዋች ግን እስከ ዛሬ ባለ አንድ ጥቅሉን ይመርጣል፤ ለጠራው ቃናው ሲል ጩኸቱን ችሎ ይኖራል።

እስካሁን ያነሣናቸው ምስክሮች ከቆዳችን ውጭ ያሉ ናቸው። ከቆዳችን ውስጥ ያለው ይብሳል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጃክ ብሬም እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ሙከራ ሴቶች እንደ ዳቦ መጥበሻ፣ ቡና ማፍያና ሬዲዮ ያሉ የቤት ዕቃዎችን ምን ያህል እንደሚወዷቸው ነጥብ ሰጡ፤ ከዚያ ከሁለት አንዱን መርጠው እንዲወስዱ ተፈቀደላቸው። ከመረጡ በኋላ እንደገና ነጥብ ስጡ ሲባሉ የመረጡትን ከፍ፣ የተዉትን ዝቅ አደረጉ። ዕቃው በመካከል አልተሻሻለም፤ ቡናም ገና አልፈላበትም። የተለወጠው «የኔ» መባሉ ብቻ ነው። ቡና ማፍያ ይህን ካደረገ፣ የወራት ደመወዝ የወሰደ፣ ከቤተሰብ ጋር ያኳረፈና ሳሎን ውስጥ የቴሌቪዥኑን ቦታ የቀማ ጊታር ምን አያደርግ! ለዚህ ገዢ ጊታሩ መጥፎ ከሆነ እሱ ሞኝ ነው፤ እሱ ደግሞ ሞኝ አይደለም፤ ስለዚህ ጊታሩ ግሩም ነው። የ«ተሸወድኩ» ባዩም አእምሮ ከዚህ የተሻለ አይደለም፤ እሱ ደግሞ የሚያወዳድረው ወራት ሙሉ በሐሳቡ ሲያሰማው ከኖረው ድምፅ ጋር ነው። በሐሳብ የሚሰማ ጊታር ክሩ አይበጠስም፣ ቅኝቱ አይወርድም፣ ተጫዋቹም አይሳሳትም።

ዓይንም ከጆሮ ቀድሞ ይደርሳል። ጊታረኛው ሌስ ፖል እ.ኤ.አ. በ1940 ገደማ ከአንድ አራት ማዕዘን ወፍራም እንጨት ላይ አንገት፣ ክርና ፒክአፕ ገጥሞ ኤሌክትሪክ ጊታር ሠራ፤ «ግንዱ» ብሎም ጠራው። እሱ ራሱ በኋላ ሲተርክ እንደ ኖረው፣ እንጨቱን ብቻ ይዞ መድረክ ሲወጣ ሕዝቡ ቁብ አልሰጠውም። ከሌላ ጊታር የተቆረጡ ሁለት ጎኖች በግራና ቀኝ ለጥፎበት፣ ጊታር አስመስሎት ሲመለስ ግን ያው እንጨት፣ ያው ክር፣ ያው ሰው ተጨበጨበለት። ሰው የሚሰማው በዓይኑም ጭምር ነው ብሎ ደመደመ። አበው መልክ ታጥቦ አይጠጣም ያሉት ስለ ጊታር ባይሆንም፣ በሱቅ መስኮት ቀይ ቀለም አይቶ «ይሄ ድምፁ ሙቀት አለው» ለሚል ገዢ በቂ ምክር ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃዋሚ ይነሣል፦ «ይህ ሁሉ ለጀማሪ ነው፤ ባለሙያ በአንድ ደቂቃ ይለያል» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካዋ ኢንዲያናፖሊስ ክላውዲያ ፍሪትዝ የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር 21 የበቁ የቫዮሊን ተጫዋቾችን በሆቴል ክፍል ውስጥ ፈተነች። ሦስት አዳዲስ ቫዮሊኖችና ሦስት የቆዩ የጣሊያን ቫዮሊኖች ቀረቡ፤ ከቆዩት ሁለቱ የስትራዲቫሪ፣ አንዱ የጓርኔሪ ሥራ ነበሩ፤ የሦስቱ ዋጋ በድምሩ 10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይገመታል። ክፍሉ ደብዘዝ እንዲል ተደረገ፤ ተጫዋቾቹ የብየዳ መነጽር አጠለቁ፤ የአሮጌ እንጨት ሽታ እንዳያሳብቅ መሣሪያዎቹ ሽቶ ተነካኩ። በዚህ ሁኔታ በብዛት የተወደደው ከአዲሶቹ አንዱ፣ ከሁሉ ያነሰ የተወደደው ደግሞ አንደኛው ስትራዲቫሪ ሆኖ ተገኘ። ሙከራው አዲስ ሁሉ ከአሮጌ ይበልጣል አያሰኝም። ዓይንና አፍንጫ ሲታገዱ የባለሙያም ፍርድ እንደሚለወጥ ግን ያሳያል። እውነተኛው ባለሙያ ከጀማሪው የሚለየው በሌላ ነገር ነው፦ አዲስ ጊታር ሲሰጠው መጀመሪያ ኮርድ አይመታም። አንገቱን እንደ ጠመንጃ አልሞ ቀጥተኛነቱን ያያል፣ ክሩ ከፍሬቱ ያለውን ርቀት ይለካል፣ 12ኛውን ፍሬት ይፈትሻል፤ ስለ ድምፁ ሲጠየቅም «ክሩን ልቀይረውና እናያለን» ይላል። የባለሙያ ምልክቱ ፍርዱን ማዘግየቱ ነው።

ሁለተኛው ተቃዋሚ ጠንከር ይላል፦ «ጆሮዬ ቢሳሳት እጄ አይሳሳትም፤ ጊታሩን እንደ ያዝኩት ተስማማኝ» ይላል። ይህን ክርክር ግማሹን እቀበላለሁ። የአንገቱ ውፍረት፣ የጊታሩ ክብደትና ሲንጠለጠል የአንገቱ ጫፍ ወደ መሬት መውረድ አለመውረዱ በክርም በአየርም አይለወጡም። የክሩም ርዝመት እንዲሁ ነው፤ በተለመደው የፌንደር ጊታር 648 ሚሊሜትር፣ በጊብሰን 628 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህች ሁለት ሳንቲሜትር ለአጭር ጣት ቀላል አይደለችም። አራት ኪሎ ተኩል የሚመዝን ጊታር በመጀመሪያው ቀን ትከሻ ከቆረጠ በመቶኛውም ቀን ይቆርጣል። እንግዲህ የመጀመሪያ ቀን ምስክርነት በከፊል ይያዛል፤ እጅ ስለማይለወጠው ነገር የሰጠው ቃል መዝገብ ውስጥ ይገባል፣ ጆሮ ስለሚለወጠው ነገር የሰጠው ቃል ለተለዋጭ ቀጠሮ ያድራል። የሚያሳዝነው አብዛኛው ገዢ የሚያደርገው ግልባጩን ነው፤ ስለ ትከሻው ሕመም «እለምደዋለሁ» ይላል፣ ስለ ደበዘዘው ክር ግን «አልተባረከም» ብሎ ጊታሩን ለሽያጭ ያወጣል።

በግለሰብ ላይ የሚደርሰው በገበያም ላይ ደርሷል። ሊዮ ፌንደር የካሊፎርኒያ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ጊታር መጫወትም አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1950 ወጥ እንጨት ያለውንና በ1951 ቴሌካስተር የተባለውን ጊታር ሲያወጣ ተፎካካሪዎቹ የጀልባ መቅዘፊያ፣ የበረዶ አካፋ እያሉ ሳቁበት። እሱ ግን ራሱ መጫወት ስለማይችል በራሱ የመጀመሪያ ስሜት የመታለል ዕድል አልነበረውም፤ ናሙናውን ለአካባቢው ሙዚቀኞች ሰጥቶ ሠርተውበት ሲመለሱ ምን እንደጎደለው ይጠይቃል። ያ መቅዘፊያ ዛሬም ይመረታል። ጊብሰን ደግሞ ከ1958 እስከ 1960 የሠራው ፀሐይ መሰል ቀለም ያለው፣ በዚያው ጊታረኛ ስም ሌስ ፖል የተባለ ጊታር ገዢ አጥቶ ምርቱ ቆመ፤ ዋጋው ያን ጊዜ ከ300 ዶላር በታች ነበር። በ1966 ጊታረኛው ኤሪክ ክላፕተን ከጆን ሜያል ጋር በቀረጸው አልበም ላይ የዚያን ጊታር ድምፅ ዓለም ሰማ፤ ኩባንያው በ1968 ሌስ ፖልን ወደ ማምረት ተመለሰ፤ የያኔዎቹ ዛሬ በመቶ ሺህዎች ዶላር ይሸጣሉ። ፌንደር በ1958 ለጃዝ ተጫዋቾች ብሎ ያወጣውን ጃዝማስተር ጃዞቹ ፊት ነሱት፤ የባሕር ዳርቻ ወጣቶች የሰርፍ ሙዚቃቸውን መቱበት። ሦስቱም ላይ የመጀመሪያው ፍርድ ተሽሯል፤ ሦስቱንም ያሻረው ጊታሮቹን በእጁ ይዞ ብዙ ምሽት ያሳለፈ ተጫዋች ነው።

የኛም ታሪክ ለዚሁ ይመሰክራል። ዋልያስ ባንድ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ማታ ማታ ሲጫወት፣ ሰላም ስዩም በአይቤክስ ኋላም በሮሃ ባንድ ጊታሩን ለትዝታ፣ ለባቲ፣ ለአምባሰልና ለአንቺሆዬ ሲያስገዛ፣ መሣሪያው ለእነዚህ ቅኝቶች ተብሎ የተሠራ አልነበረም። በካርቶን የመጣ ማንኛውም ጊታር አንቺሆዬን አያውቅም፤ የሚያስተምረው እጅ ያስፈልገዋል፣ እጁም ምሽት ያስፈልገዋል። አንድ አድማጭ የሰላምን ጊታር ከብዙ ካሴት መካከል በጥቂት ኖታ ሲለይ የሚያደንቀው እጁን ነው። ይህን ሁሉ ጊታሩ በተገዛ ማግስት ሊነግረን አይችልም ነበር።

ሦስተኛው ተቃዋሚ ክርክር የለውም፣ ልመና ነው ያለው፦ «ደስ ብሎኛል፤ ደስታዬን ለምን ትቀማኛለህ?» ይላል። አልቀማም። የመጀመሪያ ቀን ደስታ ጥቅም አለው፤ ጣት እስኪደድር ድረስ ያለውን ሕመም የሚያስችለው እሱ ነው፤ ያለ እሱ ስንቱ ጊታር ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ይጠጣ ነበር። ጥፋቱ የሚጀምረው ደስታው ምክር ሆኖ ለሌላ ሰው ሲሰጥ ነው። በሦስተኛው ቀን «ይህን ግዛ፣ ያንን እንዳትነካ» የሚል ሰው የሚመክረው ስለ ጊታር አይደለም፤ ስለ ራሱ ሳምንት ነው። በዚያ ምክር ተነሥቶ የገዛ ወዳጁ ደግሞ በሌላ ክር፣ በሌላ ክፍልና በሌላ ጎረቤት ይፈትነውና ወዳጅነቱን ይጠራጠራል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በችኮላ የተሸጠውን ጊታር ከዓመት በኋላ በእጥፍ ዋጋ የሚፈልገው ብዙ ጊዜ ያው የሸጠው ሰው ነው።

ስለዚህ ሕጉ እንዲህ ይሁን። አዲስ ጊታር ሲገዛ በመጀመሪያው ቀን የሚመረመረው ክብደቱ፣ አንገቱና ስንጥቅ አለመኖሩ ነው፤ መመለሻ ቀን ካለው በእነዚህ ብቻ ይመለስ። ከዚያ ክሩ ይቀየር፤ አንገቱና ድልድዩ በሚያውቅ ሰው ይስተካከሉ፤ ለአየሩ ሁለት ሦስት ሳምንት ይሰጠው፤ አምፕሊፋየሩ የቤቱን ያህል ድምፅ ብቻ ያውጣ። ገዢው በየምሽቱ ጥቂት ይምታው፤ ከወር በኋላ ስለ ድምፁ የሚለውን ቃል እንቀበለዋለን፤ ከዚያ በፊት የሚናገረው ሁሉ ለመዝገብ አይበቃም። እርስዎም አንባቢ ሆይ፣ ጊታር የገዛ ወዳጅ ካለዎት በመጀመሪያው ሳምንት «ድምፁ እንዴት ነው?» ብለው አይፈትኑት። «እንኳን ደስ ያለህ፤ ክሩን ቀየርከው?» ይበሉት፤ ገና ካልቀየረው ክሩን እርስዎ ገዝተው ይስጡት፤ ከጊታሩ እጅግ ይረክሳል።